የማፍረሻውን ሒሳብ ማን ከፈለ?

አማርኛ አንባቢ “ምኩራብ” የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከወንጌልና ከዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሰንበት ነው። ክርስቶስ ገብቶ ያስተማረበት፣ ሻጮችን በጅራፍ ያስወጣበት ቦታ ሆኖ በየዓመቱ ይነበባል፣ ይዜማል። በአንባቢው ሐሳብ ውስጥ ይህ ምኩራብ የቤት ቁጥር የለውም፤ የይዞታ ደብተርም ሆነ የውኃ ቆጣሪ የለውም። ስለ ናዚ ዘመን በአማርኛ በተጻፈ ቁጥር የአውሮፓ ምኩራቦች “ተቃጠሉ” ተብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፉት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሌሊት፣ አንድ እሳት፣ አንድ የሰከረ መንጋ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ። አተራረኩ ልብ ይነካል። ነገር ግን አብዛኛውን እውነት ደብቆ ያልፋል፤ የሚደብቅበትም ቦታ ግሡ ነው።

በዚህ ጉዳይ አማርኛ ሰበብ የማይሰጥ ቋንቋ ነው። “ፈረሰ” ሲባል ግድግዳው በዕድሜ ወይም በዝናብ የወደቀ ይመስላል። “ተቃጠለ” ሲባል ድርጊቱ አለ፤ አድራጊው ግን ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ወጥቷል። “አፈረሰ” ሰውየውን ከነዶማው ያቆመዋል። “አስፈረሰ” ግን ከሁሉ የከፋውን ይናገራል፤ ዶማ ያልጨበጠውን፣ አቧራ ያልነካውን፣ ወረቀት ላይ ፈርሞ ወደ ምሳው የሄደውን ሰው ይጠቁማል። በሐምቡርግ ከተማ ቦርንፕላትዝ በሚባለው አደባባይ የነበረውን ታላቅ ምኩራብ ታሪክ በትክክል የሚናገረው ይህ የመጨረሻው ግሥ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ምን ይሠራ የሚለውን ሙግት ለመዳኘትም መጀመሪያ ግሡን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሕንፃው በ1904 ተጀምሮ በ1906 አለቀ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የነደፉት ኤርንስት ፍሪድሃይምና ዜሚ ኤንግል የተባሉ አርክቴክቶች ነበሩ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1906 ሲመረቅ 1,200 ያህል ሰው የሚያስቀምጥ አዳራሽና ወደ 40 ሜትር ገደማ የሚደርስ ጉልላት ነበረው፤ በመላው ጀርመን ከነበሩት ትልልቅ ምኩራቦች አንዱ ነበር። ከመጠኑ ይበልጥ ግን አቋቋሙ ትርጉም ነበረው። ከዚያ በፊት የሐምቡርግ አይሁድ የሚጸልዩባቸው ቤቶች በአመዛኙ ከመንገድ ገባ ያሉ፣ ከሌላ ሕንፃ ጀርባ የተጠጉ ነበሩ። ቦርንፕላትዝ ላይ የቆመው ግን ከአራቱም አቅጣጫ የሚታይ ነበር። “እዚህ ነን፤ ከዚህች ከተማ ነን” የሚል ሕዝብ የሠራው ቤት ነው። በ1911 ደግሞ ከጎኑ የታልሙድ ቶራ ትምህርት ቤት አዲሱ ሕንፃ ተሠራ። ግሪንደል የሚባለው ይህ ሰፈር “ትንሿ ኢየሩሳሌም” እስከመባል ደረሰ። ዳቦ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ መጻሕፍት ቤቱና ዩኒቨርሲቲው በአንድ አካባቢ ነበሩ።

ኖቬምበር 9 ለ10 አጥቢያ 1938 መንጋው መጣ። መስኮቶቹ ተሰባበሩ፤ የውስጡ ዕቃ ተሰባበረ፣ ተዋረደ። ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። በሐምቡርግ ግን ጎህ ሲቀድ ሕንፃው ቆሞ ነበር። ግድግዳውም ጉልላቱም በቦታቸው ነበሩ። መንጋው የሚችለውን አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ምኩራቡን ከምድር ላይ የማጥፋቱ ሥራ ለቢሮ ሠራተኞች ቀረ።

በ1939 ማኅበረሰቡ መሬቱን ለከተማዋ እንዲለቅ ተገደደ፤ ተብሎ የተጻፈውም ዋጋ ከመሬቱ እውነተኛ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ላይ ማፍረስ ተጀመረ፤ በ1940 ቦታው ተጠረገ። የማፍረሻውን ወጪ የተሸከመው ደግሞ ራሱ የአይሁድ ማኅበረሰብ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ቤቱን የነጠቁት ሰዎች ለቤቱ ማፍረሻ የባለቤቱን ገንዘብ ተጠቀሙ። ከ33 ዓመት በፊት ለግንበኛ የከፈለ ምእመን አሁን ለአፍራሽ ከፈለ።

ይህ የአንድ ክፉ ሹም ፈጠራ አልነበረም። ኖቬምበር 12 ቀን 1938፣ የመስታወቱ ስባሪ ገና ከመንገዱ ሳይጠረግ፣ ሄርማን ጎሪንግ በርሊን ላይ ሚኒስትሮችንና ባለሥልጣናትን ሰብስቦ ነበር። የኢንሹራንስ ሰዎችም ተጠርተዋል። ከዚያ ስብሰባ የወጡት ድንጋጌዎች ሦስት ነገር አደረጉ። በጀርመን አይሁድ ላይ የአንድ ቢሊዮን ራይሽስማርክ ቅጣት ጣሉ፤ በዚያ ሌሊት የደረሰውን ጉዳት ባለንብረቶቹ በራሳቸው ወጪ እንዲጠግኑ አዘዙ፤ ኢንሹራንስ የሚከፍለውን ካሳ ደግሞ ለመንግሥት አደረጉት። የተደበደበው ሰው የዱላውን ዋጋ ክፈል ተባለ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ መንግሥት ሰክሮ አይደለም፤ ሒሳብ እየሠራ ነው። ውል የጻፈ ነበረ፤ ማኅተም የመታ ነበረ፤ ፋይሉን ቁጥር ሰጥቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ችቦ አልያዙም፤ ስለዚህም በፎቶግራፍ ላይ የሉም። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሠራተኞች በየከተማው ወደየወንበራቸው ተመለሱ።

ሐምቡርግ ለብቻዋም አይደለችም። ሙኒክ ውስጥ ዋናው ምኩራብ የፈረሰው ከዚያ ሌሊት አምስት ወር ቀድሞ፣ በጁን 1938፣ በሂትለር ትእዛዝ ነው። ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆነ። ድንጋዩ የት ደረሰ? በ2023 ሠራተኞች በኢዛር ወንዝ ላይ ያለ ግድብ ሲያድሱ የምኩራቡን ዓምዶች ስብርባሪና ዐሥርቱ ትእዛዛት የተቀረጹበትን ጽላት ክፍል ከውኃው አወጡ። ፍርስራሹ ለዓመታት ተከማችቶ ቆይቶ በ1956 ለግድቡ መሙያ ሆኖ ነበር። ከናዚ መውደቅ 11 ዓመት በኋላ ማለት ነው። “አትግደል” የሚለው ድንጋይ ውኃ እንዲያቆም ተጣለ፤ “ይህ ከየት መጣ?” ብሎ ሥራውን ያስቆመ አልነበረም።

ፍራንክፈርት ላይ በፍሪድበርገር አንላገ ጎዳና በ1907 የተመረቀው ምኩራብም እንዲሁ ነው። በኖቬምበር 1938 በተደጋጋሚ በእሳት ተለኮሰ፤ በዚያው ወር ማፍረሱ ተጀመረ፤ ወጪው በማኅበረሰቡ ላይ ተጫነ። በ1942 እና 1943 በግዳጅ ሠራተኞች ጉልበት የአየር ድብደባ መጠለያ ምሽግ በቦታው ተገነባ። ያ ግራጫ ሲሚንቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህች ከተማ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለችም። በ1920ዎቹ ዣክ ፋይትሎቪች ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከወሰዳቸው የቤተ እስራኤል ወጣቶች አንዱ፣ ኋላ ዕድሜያቸውን ለወገኖቻቸው ትምህርት የሰጡት አቶ ዮና ቦጋለ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ተምረዋል። እሳቸው በከተማዋ ሳሉ ያ ምኩራብ ቆሞ ነበር። አንድ ሐበሻ ተማሪ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል፣ በር ያለው ቤት ነበር፤ በአማርኛ መጣጥፍ ውስጥ “ከተቃጠሉት” ተብሎ በደፈናው የሚቆጠር ቤት አልነበረም።

የሰዎቹ ታሪክ ከቤቱ ታሪክ አይለይም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በሐምቡርግ 17 ሺህ ያህል አይሁድ ይኖሩ ነበር። የከተማዋ ዋና ረቢ ዮሴፍ ካርልባኽ ቀድሞ የታልሙድ ቶራ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩ ሊቅ ናቸው። ትልልቆቹን ልጆቻቸውን ወደ እንግሊዝ ልከው ራሳቸው ከምእመናኑ ጋር ቀሩ። ዲሴምበር 1941 ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ሪጋ ተጋዙ፤ ማርች 26 ቀን 1942 በቢከርኒኪ ጫካ ከባለቤታቸውና ከሦስት ትናንሽ ሴቶች ልጆቻቸው ጋር በጥይት ተገደሉ። ከሐምቡርግ አይሁድ የተገደሉት ከስምንት ሺህ በላይ ናቸው። ተጓዦቹ ከኦክቶበር 1941 ጀምሮ እንዲሰበሰቡ የታዘዙት ሞርቫይደ በሚባለው መስክ አጠገብ ነው። ይህም ከዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ፊት ለፊት ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት ምሁራን ይህን ሰፈር ያውቁታል። “ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ” የተባለው ባለ አምስት ቅጽ ሥራ ከ2003 እስከ 2014 የተዘጋጀው በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። የግዕዝ ብራና ለማንበብ፣ ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ቤተ እስራኤልም ለመጻፍ ከአዲስ አበባ የሄደ ብዙ ሊቅና ተማሪ በዚያ ግቢ ዙሪያ ተመላልሷል። ምኩራቡ የነበረበት አደባባይ ከዚያ የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ስለ ቤተ እስራኤል ጸሎት ቤቶች የተጻፈው መጣጥፍ የታረመው የሐምቡርግ አይሁድ ጸሎት ቤት ከተጠረገበት ቦታ አጠገብ ነው። ይህ ማንንም አያስወቅስም። ነገር ግን ስለዚያ አደባባይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ያስገምታል።

ከጦርነቱ በኋላስ? በእንግሊዝ ቀጠና ወራሽ ያጣውን የአይሁድ ንብረት የሚጠይቅ አካል በ1950 ተቋቁሞ ነበር። የቦርንፕላትዝ መሬት ግን በከተማዋ እጅ ቆየ። በጦርነቱ ጊዜ በቦታው ጠርዝ የተሠራው ምሽግ ለዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ዋለ፤ ባዶው ሜዳ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው መኪና ማቆሚያ ሆነ። ረቢው ስብከት ያሰሙበት ቦታ ላይ ቮልስዋገን ይቆም ነበር። ይህ ለአንድ ዓመት ወይም ለሁለት ዓመት አልነበረም፤ ለዐሥርት ዓመታት ነው።

በ1988፣ ሌሊቱ 50 ዓመት ሲሞላው፣ ማርግሪት ካል የተባለች አርቲስት የምኩራቡን ጣሪያ መስመሮች በልካቸው፣ በድንጋይ፣ በመሬቱ ላይ አሳረፈች። ሰው ቀና ብሎ ያየው የነበረውን ጎንበስ ብሎ እንዲያየው አደረገች። በ1989 አደባባዩ በረቢ ካርልባኽ ስም ተጠራ። ሥራው ጨዋና እውነተኛ ነው፤ ስለ ምኩራቡ ምን ይደረግ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ለዚህ ሥራ ክብር መስጠት አለበት።

ከዚያ ኦክቶበር 9 ቀን 2019 መጣ። በሀለ ከተማ፣ አይሁድ በሚጾሙበት በዮም ኪፑር ቀን፣ አንድ ታጣቂ ምኩራብ ሰብሮ ለመግባት ሞከረ። የእንጨት በር አቆመው፤ ከዚያ ሁለት ሰዎች ገደለ። በዓመቱ ኦክቶበር 2020 ሐምቡርግ ራሷ ውስጥ፣ አሁን ባለው ምኩራብ በር ላይ፣ አንድ ወጣት ተማሪ በአካፋ ተመታ። በዚህ መካከል የቦርንፕላትዝ ምኩራብ ዳግም ይሠራ የሚል ዘመቻ ተጀምሮ ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ሰው ደገፈው። የከተማዋ ምክር ቤት በአንድ ድምፅ ተስማማ፤ የፌዴራሉ ፓርላማ 65 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። በ2023 መሬቱ ያለ ክፍያ ለአይሁድ ማኅበረሰብ እንዲመለስ ተወሰነ። ከተወሰደ 84 ዓመቱ ነበር።

ተቃውሞም ተነሣ። ተቃዋሚዎቹ የዋዛ ሰዎች አይደሉም። ከመካከላቸው ወላጆቹ ከሐምቡርግ የተሰደዱት እስራኤላዊው የታሪክ ምሁር ሞሼ ዚመርማን ይገኝበታል። የሚሉት ይህ ነው፦ ምኩራቡን እንደነበረ አድርጎ መሥራት ጥፋቱን ይሸፍናል፤ የልጅ ልጆች በዚያ ሲያልፉ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላቸዋል፤ የማርግሪት ካል ሥራም ይጠፋል፤ ባዶው ቦታ ራሱ ምስክር ነውና ይቆይ። ክርክሩ ንጹሕ ሐሳብ አለበት፤ ስለሆነም በንጹሕ መልስ መመለስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልስ፦ ባዶ ቦታ አይመሰክርም። ባዶ ቦታ ቢመሰክር ኖሮ ከ1940 እስከ 1988 ድረስ ይመሰክር ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያ ሜዳ ባዶ ነበር፤ የተናገረው ነገር ቢኖር “እዚህ መኪና ማቆም ይቻላል” የሚል ነው። የተናገረው አንዲት ሴት ድንጋይ ስትደረድርበት ነው። ስለዚህ ትውስታ የሚመጣው ከሥራ ነው፤ ከባዶነት አይደለም። ማርግሪት ካልን ጠቅሶ ለባዶነት መከራከር የሴትዮዋን ሥራ ከመርሳት ይቆጠራል።

ሁለተኛው መልስ፦ ይህ የባዶነት ፍቅር በጀርመን ለሁሉም ሕንፃ እኩል አይደርስም። ድሬስደን ላይ በ1945 የወደመው የፍራውንኪርሸ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ለዐሥርት ዓመታት ሆን ተብሎ የጦርነት መታሰቢያ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ከሁለቱ ጀርመኖች መዋሐድ በኋላ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተለቅሞ ቤተ ክርስቲያኑ እንደቀድሞው ተሠራ፤ በ2005 ሲመረቅም ዓለም አጨበጨበ፤ “ዕርቅ” ተባለ። በርሊን ላይ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ፊት እንደ ጥንቱ ተሠርቷል። በሐምቡርግ የቅዱስ ኒኮላስ ፍርስራሽ መታሰቢያ ሆኖ መቅረቱ እውነት ነው፤ ምእመናኑ ግን በሌላ ሰፈር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶላቸዋል፤ “ለመታሰቢያ ስትሉ ያለ ቤት ቅሩ” ያላቸው የለም። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሲነሣ ፈውስ፣ የቤተ መንግሥት ሲነሣ ውበት፣ የምኩራብ ሲነሣ ብቻ “ታሪክን መሸፈን” የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ለድሬስደንም በርሊንም ተቃዋሚ ነበራቸው ይባል ይሆናል። ነበራቸው። ተቃውሞው ግን አላስቆማቸውም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የሚከብደው ነው። “ባዶው ቦታ ይቆይ” ሲባል ለማን ይቆይ? ባዶው ቦታ የሚያስፈልገው ለአጥፊዎቹ ልጆች ነው፤ ቆም ብለው ራሳቸውን እንዲመረምሩበት። መልካም ነው፤ ይመርምሩ። ነገር ግን የራስን ኅሊና መመርመሪያ በተነጠቀ ሰው መሬት ላይ መትከል ምን ይባላል? ሐበሻ “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላል። የተወጋው ሰው ማስታወሻ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ቤት ነው። ሰርግ የሚደግስበት፣ ልጅ የሚያስተምርበት፣ ሽማግሌ የሚቀብርበት ጸሎት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው የሚሰባሰብበት በር። ምኩራብን መታሰቢያ ብቻ ማድረግ አይሁድን የሞቱ ሕዝብ ብቻ አድርጎ ማየት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልጥ ጥያቄ ይመጣል። የዛሬው የሐምቡርግ አይሁድ ማኅበረሰብ አባላት በብዛት ከ1990 ወዲህ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ ናቸውና የቦርንፕላትዝ ወራሾች ናቸው ወይ? ይህ ጥያቄ ለነጣቂ ብቻ የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ወራሹን ገድሎ “ወራሽ የለም” ማለት ይቻል ከሆነ ግድያ ምርጥ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ወራሹ ያንኑ ጸሎት በዚያው ከተማ የሚጸልየው ነው። በስደት የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመግዛት ወር በወር ያዋጣ ሰው አባልነት በትውልድ ሐረግ እንደማይቆጠር ያውቃል፤ ትናንት የመጣው ዛሬ ወንበር ያነሣል።

አንድ ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ሳይሸራርፉ መቀበል ይገባል። ሐምቡርግ በ1817 የተመሠረተ የለውጥ አራማጅ አይሁድ ማኅበር የነበራት ከተማ ናት። በ1844 በፖልሽትራሰ የሠሩት ቤት በ1944 በቦምብ ተመታ፤ ፍርስራሹ በአንድ ግቢ ውስጥ እስካሁን አለ። ከተማዋ የገዛችው በ2020 ነው። የአይሁድ ሃይማኖትን የለወጠ እንቅስቃሴ ከጸለየባቸው ቤቶች አንዱ ለዘመናት ከጓሮ ተቀምጦ ሳለ ገንዘቡና ካሜራው ሁሉ ወደ አንድ ጉልላት መዞሩ ያስወቅሳል። ትልቁን መመለስ ትንሹን ለመርሳት ፈቃድ አይደለም። ለቦርንፕላትዝ የተገኘ ገንዘብ ለፖልሽትራሰም መገኘት አለበት፤ ክርክሩ “ወይ ይህ ወይ ያ” ከሆነ ተከራካሪዎቹ ተታለዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቃል መታረም አለበት። ጋዜጦች ስለ “ድጋፍ” እና ስለ “ልግስና” ይጽፋሉ። ድጋፍ የሚባለው ዕዳ የሌለበት ሰው የሚሰጠው ነው። መሬቱን ከዋጋው በታች የወሰደ፣ ማፍረሻውን ከባለቤቱ ያስከፈለ፣ ካሳውን የወረሰ፣ ከዚያም ለዐሥርት ዓመታት በነጻ የተጠቀመበት መንግሥት ወራሽ የሚከፍለው ዕዳውን ነው። 65 ሚሊዮን ዩሮ ብዙ ይመስላል። የ1939ኙን ሒሳብ ከፊቱ አስቀምጦ ላየው ግን የቅድሚያ ክፍያ ነው።

በዚህ ነገር ለኢትዮጵያውያን የሚታወቅ ጠረን አለ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት ሲጠየቅ በ2018 ከለንደን ከተሰሙት መልሶች አንዱ “በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን” የሚል ነበር። ወሳጁ ለባለቤቱ አበዳሪ ሆነ። ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም፤ ዝርፊያና የሕዝብ ፍጅት በአንድ ሚዛን አይሰፈሩም። የሚመሳሰለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወሰደው ወገን ስለተወሰደው ነገር አያያዝ ለባለቤቱ ትምህርት ለመስጠት ያለው ድፍረት።

በአማርኛ ለሚጽፉም የሚተርፍ ነገር አለ። በውጭ አገር በሚደረገው የአማርኛ ፖለቲካ ሙግት “ሆሎኮስት” እና “ናዚ” የሚሉት ቃላት እንደ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይወረወራሉ። ቃሉን የሚወረውረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ምኩራብ፣ ስለ አንድ ውል፣ ስለ አንድ ደረሰኝ አንብቦ አያውቅም። የሚያውቀው እሳቱን ብቻ ነው። እሳቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አደጋን የሚጠብቀው ችቦ ከያዘ መንጋ ብቻ ነው፤ በሥራ ሰዓት፣ ከረባት አስሮ፣ በትክክለኛ ሰዋስው የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ አያውቀውም። የሐምቡርግ ታሪክ ትምህርቱ ያለው በዚህ ላይ ነው። መንጋው የጀመረውን ሕግ ጨረሰው፤ ሕጉም ለተበዳዩ ሒሳብ ላከለት።

ስለዚህ አዲሱ ምኩራብ በአሮጌው መልክ ይሁን በአዲስ መልክ የሚለው ጥያቄ የሚጸልዩበት ሰዎች ጉዳይ ነው። ጉልላት ካሰኛቸው ጉልላት፣ መስታወት ካሰኛቸው መስታወት ይሥሩ። የማርግሪት ካልን ድንጋዮች በምን መንገድ እንደሚያቆዩ ግን ሊያስቡበት ይገባል፤ ምንም ባልተናገረ ሜዳ ላይ ቀድመው የተናገሩ ድንጋዮች ናቸውና። ከሐምቡርግ ከተማ የሚጠበቀው ሌላ ነው። ከተማዋ ለምረቃው ቀን ንግግር ከምታዘጋጅ ይልቅ መዝገብ ቤቷን ትክፈት። የ1939ኙን ውል፣ የመሬቱን ዋጋ፣ የማፍረሻውን ሒሳብ፣ የፈራሚዎቹን ስምና ማዕረግ በበሩ አጠገብ በጉልህ ታስቀምጥ። ያ ወረቀት ከግድግዳው ጋር ካልቆመ ተቃዋሚዎቹ የፈሩት ይደርሳል፤ ያማረ ሕንፃ ያልተከፈለ ዕዳ ይሸፍናል። ወረቀቱ ከቆመ ግን በዚያ የሚያልፍ የትኛውም ልጅ፣ ጀርመንም ይሁን ሐበሻ፣ “ይህ ቤት ፈርሶ ነበር” አይልም። ማን እንዳስፈረሰው፣ ስንት እንደከፈለበትና ከማን ኪስ እንደከፈለ አንብቦ ይሄዳል።